ማኪያቶው ደህና፣ ጨዋታው አንደኛ፦ ደሴ ፒያሳ «እትዬ ጋ»

ደሴ ውስጥ ጥሩ ማኪያቶ የት ይገኛል ብሎ ለጠየቀኝ ይህችን ሻይ ቤት አልጠቁምም። ማኪያቶዋ ደህና ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ወተቱን ከልክ በላይ ያፈሉታል። አንድ ቀን ጠቆር፣ ሌላ ቀን ነጣ ብሎ ይመጣል። ቁጭ ብዬ ጨዋታ የምሰማበት ቤት ጠቁመኝ ላለኝ ግን ዓይኔን ሳላሽ እዚህ እልከዋለሁ።

ፒያሳ አካባቢ ናት። ታፔላ የላትም። ሰው በባለቤቷ ነው የሚጠራት፤ «እትዬ ጋ እንገናኝ» ከተባለ ይበቃል።

የሚጠጣው ሻዩ ነው። ቀረፋውና ቅርንፉዱ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ስለሚንተከተክ ብርጭቆው ሳይደርስ ሽታው ይደርሳል። ብርዱ ከጦሳ መውረድ ሲጀምር ሰው መጀመሪያ እጁን ያሞቅበታል፣ ከዚያ ይጠጣዋል። ሳምቡሳው የምስር ነው፤ በጾምም በፍስክም ይበላል። ዳር ዳሩ ይንኮሻኮሻል፣ መሀሉ ላይ ቃሪያው ያስነጥሳል። አግዳሚዎቹ ግን የጠበቡ ናቸው፤ ወገብ የሚያመው ሰው ግድግዳውን ይደገፍ።

ቤቱ አንድ ሕግ አለው። ዜና ሲመጣ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ክርክር ሲነሳ ይዘጋል። ሪሞቱ ከእትዬ ሽርጥ ኪስ ወጥቶ አያውቅም። ለምኖ የተሳካለት ደንበኛም አላየሁም።

ይህ ሕግ ሲሠራ በደንብ ያየሁት ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ማክሰኞ ነበር። ሁዳዴው ሊፈታ ጥቂት ቀርቶታል፣ መውሊድም ደርሷል። የከተማው ወሬ ግን የግንቦት 7 ምርጫና የአክሱም ሐውልት ነበር። የሐውልቱ የመጀመሪያ ክፍል በዚያው ዕለት ከሮም ተጭኖ አክሱም ገብቷል። ቤቱ ሙሉ ሰው ያን የሚያህል ድንጋይ አውሮፕላን እንዴት እንደተሸከመው ሲያወራ እትዬ ጣቢያ ቀየሩ። ያኔ ዲሹ አጥርቶ የሚይዘው የአረብኛ ጣቢያ ነበር። እዚያም ሮም ናት፤ የሚታየው ግን ጭስ ማውጫ ነው።

የካቶሊኮቹ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ያረፉት መጋቢት 24 ነበር። 115 ካርዲናሎች ተዘግቶባቸው ተተኪ እየመረጡ ነው። ጭሱ ነጭ ከሆነ ተመርጧል፣ ጥቁር ከሆነ ገና ነው። ሲወጣ ግን መልኩ አልለይ አለ። አንዱ ነጭ ነው ይላል፣ ሌላው ጥቁር። እትዬ ከማንቆርቆሪያው ሳይዞሩ «እርጥብ እንጨት አስገብተው ነው» አሉ። ደወሉ ሲደወል ነገሩ ለየለት።

ከመግሪብ ሶላት የተመለሱት ገና እየገቡ ነበር። ከእነሱ ውስጥ ጅዳ ብዙ ዓመት የሠራ ልጅ አለ። አረብኛውን የሚተረጉምልን እሱ ነው። እናም ለዚያ ቤት ሰው የካቶሊኮቹን አዲስ አባት ያበሰረው ሙስሊም ነው፣ ያውም ቆሞ፣ ኮፍያውን እንዳደረገ። «ጀርመን ነው። 78 ዓመቱ። ራትዚንገር ይባላል፤ ከዛሬ ጀምሮ በነዲክቶስ 16ኛ ነው» አለ። ትንሽ አዳመጠና «ወግ አጥባቂ ነው እያሉ ነው፣ የተከፋም ሰው አለ» ብሎ ጨመረ።

ጋራዥ የሚሠራው ሰውዬ «ጀርመን ከሆነማ አብሽር፣ ቶሎ አይበላሽም» አለ። ሳቁ እስኪበርድ ሻይ መጣ።

ዲያቆኑ ግን አልሳቀም። «መከፋት ምን ማለት ነው? ወግ ሊጠብቅ አይደል እንዴ የሚሾመው?» አለ። ብዙው ሰው ራሱን ነቀነቀ። የጅዳው ልጅም «ወላሂ እውነቱን ነው፣ ሃይማኖት በድምፅ ብልጫ አይሻሻልም» ብሎ አገዘው። በአውሮፓና በአሜሪካ ስንቱን ያስደነገጠው ነገር ደሴ ላይ ለማስደንገጥ የሚበቃ አልነበረም። ለዚያ ቤት ሰው ወግ አጥባቂ የሃይማኖት አባት ማለት ሥራውን የሚሠራ ሰው ነው።

ጥግ ላይ አንድ መምህር ነበር፣ ከአዲግራት ወገን የመጣ ካቶሊክ። በአገራችን ካቶሊኮች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። እዚያ ቤትማ እሱ ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ እየተነሳ «እንኳን ደስ ያለህ» ይለዋል። ፊቱ ላይ ደስታ አላየሁም። ናይጄሪያዊውን ካርዲናል አሪንዜን ነበር የጠበቀው። አሪንዜም እኮ ለዘብተኛ አይደሉም አልኩት። «ቢያንስ አፍሪካዊ ናቸው» አለኝ።

ከዚያ የልቡን አወጣ። ራትዚንገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1981 ጀምሮ የእምነት አስተምህሮ ጉባኤ የሚባለውን መሥሪያ ቤት መርተዋል። ማን ምን እንዳስተማረ፣ ማን ከመስመር እንደወጣ የሚመረምር ቢሮ ነው። በ1985 ብራዚላዊውን የሃይማኖት ሊቅ ሊዮናርዶ ቦፍን ለወራት ዝም ያሰኘውም ይኸው ቢሮ ነው። ተቺዎቻቸው «የእግዚአብሔር ሮትዋይለር» ይሏቸው ነበር። «24 ዓመት በር ሲጠብቁ የኖሩት ሰውዬ ዛሬ ቤቱን ተረከቡ» አለ መምህሩ። «ለእናንተ ይህ ወግ መጠበቅ ነው። እኔ የማስበው ነገ ብጠይቅ ማን ይመልስልኛል ብዬ ነው።»

ቴሌቪዥኑ የተዘጋው እዚህ ላይ ነው። እትዬ አንድም ቃል አልተናገሩም። እጃቸው ብቻ ወደ ኪሳቸው ገባ።

እኔ ከመምህሩ ጋር ነኝ። ወግ መጠበቅ ሌላ፣ ጠያቂን አፍህን ያዝ ማለት ሌላ። ዲያቆኑም ቢሆን በዚያ ምሽት ዝም በል ቢባል ሻዩን ሳይጨርስ ነበር የሚሄደው። ማንም ዝም በል አላለውም። መምህሩ ጭራሽ በጨዋታ ያዘው። «አንተ እንኳ ደስ ሊልህ ይገባል» አለው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 የወጣው የራትዚንገር ቢሮ ሰነድ ፕሮቴስታንቶቹን በትክክለኛ ትርጉሙ አብያተ ክርስቲያናት አይደሉም ሲል፣ ኦርቶዶክሶቹን እውነተኛ አብያተ ክርስቲያናት ብሎ እንደሚቀበል አስረዳው። ዲያቆኑ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ማን ጠይቆት ነው የሚቀበለን?» አለ። እስከ ዛሬ በዚያ ቤት ይህች አባባል ትጠቀሳለች፣ ሰው ያልተጠየቀ ምክር በሰጠ ቁጥር።

የጋራዡ ሰውዬ ደግሞ ሐሳቡ ግንቦት 7 ላይ ነው። የጳጳሱ ምርጫ በሁለት ቀን፣ በአራት ዙር አለቀ ሲባል ማመን አቃተው። «ኮሮጆ የለ፣ ታዛቢ የለ፣ ክርክር የለ! የእኛም እንዲህ ባለቀ» አለ።

መምህሩን ያጽናናው አዲሱ ጳጳስ የመረጡት ስም ነው። ከእሳቸው በፊት በዚህ ስም የተጠሩት በነዲክቶስ 15ኛ በአውሮፓውያኑ 1919 ቫቲካን ውስጥ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ያቋቋሙ ናቸው። ግቢው ውስጥ፣ በአጥሩ ውስጥ፣ የእኛ ሰዎች የሚማሩበት ቤት አለ ብሎ ሲነግረን ቤቱ ጸጥ አለ። እትዬ ብቻ «ታዲያ ከውስጥ ሰው እያለን ለሐውልቱ ይህን ሁሉ ዘመን ምን አስለፋን?» አሉ።

የቤቱ ጨዋታ ሁልጊዜ እንዲህ ይጣፍጣል ማለቴ አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1999 ዓ.ም. በነዲክቶስ ሬገንስበርግ ላይ ባደረጉት ንግግር እስልምናን የሚነቅፍ የአንድ የጥንት የቢዛንታይን ንጉሥ ቃል ጠቀሱ። ጣጣው ሰፋ። የጅዳው ልጅ ሻዩን እየጠጣ ለመምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። እትዬ ስኳሩን ሲያቀርቡ እንኳ በሁለቱ መሀል እየዞሩ ነበር። ኅዳር 21 ጳጳሱ ኢስታንቡል ሰማያዊው መስጊድ ገብተው ከሙፍቲው ጎን ሲቆሙ እዚያው አብረን አየን። ልጁ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «ጫማቸውን አውልቀዋል» አለ። ከዚያ ወዲህ ወንበሩን መለሰ። ሌላ ንግግር አልነበረም።

የ2005ቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በነዲክቶስ የካቲት 4 ሥልጣኔን እለቃለሁ አሉ፣ በላቲን። በፈቃዱ የለቀቀ ጳጳስ ከአውሮፓውያኑ 1294 ወዲህ አልታየም ተብሎ ሲነገር ዲያቆኑ ተቆጣ። አባት በሞት እንጂ በደብዳቤ አይለቅም ነው ነገሩ። ወግ ጠባቂ ነው ብሎ ስምንት ዓመት ሲከራከርላቸው የቆየው እሱ ነውና ቁጭቱ ይገባኛል። የሚገርመው መልቀቃቸው የጸናው የካቲት 21 ነው፤ በዚያው ቀን የእኛው ቤተ ክርስቲያን አቡነ ማትያስን ፓትርያርክ አድርጋ መረጠች። ያን ምሽት ቴሌቪዥኑ ስንቴ ተከፍቶ ስንቴ እንደተዘጋ እትዬ ይወቁት።

አሁን ቤቱ ተለውጧል። አሮጌው ቴሌቪዥን በ2014ቱ ጦርነት ከተማዋ ስትያዝ ጠፋ፤ ማን እንደወሰደው አይታወቅም። ግድግዳው ላይ ስስ የሆነው አለ። ምስሉ ጥሩ ነው፣ የሚያየው ግን ቀንሷል። ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ሊዮ 14ኛ ሲመረጡ እዚያው ነበርኩ። በዚህኛው ምርጫ ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነኢየሱስም ድምፅ ሰጥተዋል፤ በ1997 ከእኛ አገር አንድም መራጭ አልነበረም። ትልቅ ወሬ ነው ብዬ ቀና ስል ግማሹ ሰው ስልኩ ላይ ነው፣ እያንዳንዱ የራሱን ጭስ ያያል። አንድ ወጣት ውጤቱን ከቴሌቪዥኑ ቀድሞ ተናገረና ወደ ቲክቶኩ ተመለሰ። ይህን እንደ ጉድለት ነው የምቆጥረው። እትዬ ስልኩንም የሚዘጋ ሪሞት ቢያገኙ ደስ ይለኛል።

ሌሎቹ ጉድለቶች፦ መጸዳጃው ከጓሮ ነው፣ መብራቱም የለም፤ የስልክ ባትሪ ያዙ። አስተናጋጇ ልጅ ጨዋ ናት፣ ግን ሒሳብ ስትቀበል ትረሳለች፤ ሁለት ሻይ ጠጥታችሁ ሦስት ብትባሉ አትቆጡ፣ ስትነግሯት ስቃ ታስተካክላለች። በቴሌብር ይከፈላል። ዋጋው ከጎረቤቶቹ አይለይም።

ሻዩ ከአሥር ዘጠኝ፣ ሳምቡሳው ስምንት፣ ማኪያቶው አምስት ተኩል። ሳምቡሳ የፈለገ ከ11 ሰዓት በፊት ይድረስ፣ ያልቃል። መምህሩ ጡረታ ወጥቶም ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል፣ ጥግ ላይ። ስለ ቫቲካን ጥያቄ ያላችሁ ሻዩን ጋብዙት፤ ስኳር አታስጨምሩበት፣ ሐኪም ከልክሎታል።