ባሕር ዳር ያገለገለ የኦክስጅን ማሽን እንደ አዲስ እየሸጡ ነው፣ ተጠንቀቁ

የሕክምና ዕቃ ሱቆቹን መቼም ታውቋቸዋላችሁ፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ በር ላይ አቁመው "ለማን ነው እህት? ለእናት? አይዞሽ፣ ኦሪጅናል አለን" የሚሉትን። "ያለ ደረሰኝ ከሆነ እንቀንስልሻለን" የምትለዋንም ታውቋታላችሁ። እኔ ደረሰኝ አስቆርጬ፣ የአንድ ዓመት ዋስትና አጽፌ ነው የገዛሁት፣ እሱም ምንም አልፈየደም።

ማሽኑ ለእማዬ ነው። እማዬ ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም፣ ግን ፍኖተ ሰላም ውስጥ መስኮት በሌለው ማድ ቤት እንጨትና ኩበት እያነደደች እንጀራ ስትጋግር ጠላ ስትጠምቅ ነው ያረጀችው፣ ሳንባዋን የጎዳው ጭሱ ነው፣ ሲኦፒዲ ነው አሉን፣ የሳንባን የአየር መንገድ የሚያጠብ ሥር የሰደደ በሽታ። ቀኑን እንደምንም ታልፈዋለች። ሌሊቱ ነው መከራዋ። በጀርባዋ መተኛት አትችልም፣ ትራስ ደራርበን ቁጭ እንዳለች ነው የምታድረው፣ ትንሽ ሸለብ ሲያደርጋት ደግሞ ቅዠቱ ይመጣል። አንዴ ዐባይ ይወስዳታል፣ አንዴ ጉድጓድ ውስጥ ሆና አፈር ይመልሱባታል፣ "ኧረ አውጡኝ!" ብላ ጮሃ ደረቷን ይዛ ላብ በላብ ሆና ትነሳለች። ጎረቤት ዱካክ ነው አለ። ጠበልም ወሰድናት።

ነገሩን በደንብ ያስረዳችን ሆስፒታል ያየቻት ዶክተር ናት። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ሰዓት የአንገትና የደረት ጡንቻዎች ይዝላሉ፣ ጤነኛ ሰው ብዙም አይጎዳውም፣ ሳንባው የታመመ ሰው ግን በነሱ እየታገዘ ነው የሚተነፍሰው፣ ስለዚህ ትንፋሹ ያጥራል፣ ኦክስጅኑ ይወርዳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይጠራቀማል፣ ጠዋት ጠዋት ራሷን የሚያማትም ከዚህ ሊሆን ይችላል አለችን። ሌሊት ጣቷ ላይ የደም ኦክስጅን መለኪያውን አድርገን ስናይ በመቶኛ 70ዎቹ ውስጥ ይገባል። ከ88 እስከ 92 እንዲሆን ተብሎ በደቂቃ 2 ሊትር ኦክስጅን ታዘዘላት። ጤፉ ተሸጠ፣ እህቴ ከቤይሩት የላከችው ተጨመረበት፣ ማሽኑ ተገዛ።

ከዚያስ? ማሽኑ ይጮሃል፣ በቱቦው ነፋስ ይወጣል፣ ጣቷ ላይ ያለው ቁጥር ግን ንቅንቅ አይልም፣ ጩኸቷም ያው ነው። "ተይው ልጄ፣ የኔ ነገር አይድንም፣ ብራችሁን ጨረስኩት" ትለኛለች። ማሽኑን ተሸክመን ሆስፒታል ወሰድነው፣ የዕቃ ጥገና ባለሙያው በመሣሪያ ለካው። የምንተነፍሰው ተራ አየር 21 በመቶ ኦክስጅን አለው፣ ደህና ማሽን ከ90 በላይ ይሰጣል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ከ82 በታች መሆን የለበትም ይላል። የኛው 38 አነበበ። ሰዓት ቆጣሪውን አሳየን፣ ከ14 ሺህ ሰዓት በላይ ሠርቷል። "ፓክድ ነው" የተባልነው ማሽን! ኦክስጅኑ እንዲበዛ ከአየሩ ናይትሮጅኑን የሚይዘው ዚዮላይት የሚባለው ጠጠር አልቆለታል አለን።

ዛሬ ጠዋት መልሰን ሱቁ ወሰድነው። ያው ልጅ ሰካው፣ ቱቦውን ወደ መዳፉ አዙሮ "ይኸው ነፋስ ይወጣል፣ ሌላ ምን ፈለግሽ?" አለኝ። ወንድሜ ዝም ብሎ ማሽኑን እያገላበጠ ያይ ነበር፣ ማብሪያው አጠገብ አንዲት ጥቁር መስመር አለች፣ የማሽኑ አካል መስላን ነው የኖርነው። ጫፏን በጥፍሩ ቆንጠጥ አድርጎ ሲልጣት ናስትሮ ናት። ከሥሯ ቢጫ መብራት በርታለች። ኦክስጅኑ ሲያንስ እንድታስጠነቅቅ የተሠራችዋ መብራት! አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ በመቀስ ለክቶ፣ ጠርዙ ከሳጥኑ ጋር እስኪመሳሰል አስተካክሎ ነው የለጠፋት። እናቴ ስትታፈን ያቺ መብራት አጠገቧ በርታ ታድር ነበር ማለት ነው፣ እኛ እንዳናይ ተሸፍና።

ልጁ አልደነገጠም። "ደንበኛ እንዳይረበሽ ነው" አለ። የእናቴን ሌሊት ስነግረው "አሮጊት ብትቃዥ ምን ይገርማል? ዲያዝፓም ስጧት ትተኛለች" አለኝ። እናቴን "አሮጊት"፣ እሱም አንሶት ዲያዝፓም! ዶክተሯ የእንቅልፍ ኪኒን ትንፋሿን ያዳክማል፣ እንዳትሞክሩት ብላናለች፣ ይሄ ጋውን ለብሶ ሰው ይመክራል። ባለቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል "ዋስትናው ሞተሩን ነው፣ ኦክስጅኑን አይመለከትም" አለን። የኦክስጅን ማሽን ሽጦልን ኦክስጅኑን አይመለከትም! ወንድሜን ጎትቼ አወጣሁት እንጂ እዚያው ይደባደብ ነበር።

ብሩን አልመለሱም። ናስትሮዋንም ቢጫ መብራቷንም ቪዲዮ ቀርጸናል፣ ነገ ንግድ ቢሮ አቤት እንላለን። እማዬ ለጊዜው ሆስፒታል በሲሊንደር ናት።

የምትገዙ ካላችሁ ብር ሳትከፍሉ የኦክስጅን መጠኑን በታዘዘላችሁ ሊትር አስለኩ፣ ሰዓት ቆጣሪውን እዩ፣ የተለጠፈ ነገር ካለ ላጡት። አልሠራም ብላችሁም ሊትሩን ራሳችሁ እንዳትጨምሩ፣ ለሲኦፒዲ በሽተኛ ኦክስጅን ሲበዛም አደጋ አለው፣ ሐኪሙን ጠይቁ። ሻጩ አላስለካም ካለ ጥላችሁት ውጡ።