የደሴ ሪፈራሏ የቲቢ ክፍል ሲስተር፣ አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ወገኖቼ ይቺን አንብቡልኝ። በተለይ ኩላሊት የተቀየረለት ሰው ቤታችሁ ካለ።

ታናሽ ወንድሜ ኩላሊት የተቀየረለት አዲስ አበባ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። የሰጠሁት እኔ ነኝ። ደህና ሆኖ ባጃጁን መንዳት ጀምሮ ሳለ ማታ ማታ ያተኩሰው፣ ላብ ያጠምቀው ጀመር። ከሳ። አንዱ ጋ ስንሄድ ታይፎይድ ነው፣ ሌላው ጋ ብርድ ነው። ብራችንን ጨረስን፣ እሱም በመርፌ ተበሳሳ። በመጨረሻ አክታው ሲመረመር ቲቢ ተባለ። ያየው ባለሙያ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየው "መድኃኒት ጀምር" ብሎ ወረቀት ወረወረልን። ሌላ ምን ትወስዳለህ ያለው የለም። በር ላይ ቁም ብለው እንደ ውሻ ነው ያራቁት። ስማቸውን አልጠራም፣ ለአላህ ሰጥቻቸዋለሁ።

ከዚያ የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ገባን። ሲስተር ፌስታላችንን ተቀብላ መድኃኒቱን በሙሉ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈችው። እያገላበጠች አንድ በአንድ አነበበች። ታክሮሊመስ የሚባለው፣ ሰውነቱ የተቀየረለትን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚወስደው መድኃኒት ጋ ስትደርስ ቆም አለች። "የቲቢው መድኃኒት የዚህን ጉልበት ያዳክመዋል፤ ዝም ብሎ ከጀመረ ሰውነቱ ኩላሊቱን ሊገፋው ይችላል" አለችን። ሀኪሙን ጠራች፣ በራሷ ስልክ አዲስ አበባ ደወለች። ያወሩት ግማሹ አልገባኝም። ብቻ የታክሮሊመሱ መጠን ተጨመረ፣ ደሙ እየታየ ይስተካከላል ተባለ። የቲቢው ሲያልቅ ደግሞ መልሶ ስለሚቀነስ በራሳችሁ እጅ እንዳትነኩት ብላ አስጠነቀቀችን።

ልንወጣ ስንል ጠራችን። "አብሽር ወንድሜ፣ ሽንትህ ቀላ ይላል። የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ ደም አይደለም። አንቺም እንዳትደነግጪ።" ወላሂ ይሄን ባትነግረን ኖሮ! በነጋታው ከሽንት ቤት "እህትዬ ነይማ እዪ" ብሎ ሲጠራኝ ተያይተን ሳቅን። ሳናውቅ ብናየው ኩላሊቷ አለቀላት ብለን ሰፈሩን በጩኸት እናቀልጠው ነበር፣ መድኃኒቱንም እንጥለው ነበር።

አሁን ትኩሳቱ የለም፣ ኩላሊቱም ደህና ነው። ምግብ አነሰኝ እያለ ከእናታችን ጋር ይጨቃጨቃል።

እባካችሁ እየተንከራተታችሁ ብራችሁን አትጨርሱ። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶውን ካርቶን ሳይቀር፣ ይዛችሁ ሂዱ። ሲስተር "ስሜን አትጻፊ" ስላለችኝ ነው እንጂ በትልቁ እጽፈው ነበር። ስልኳን በኢንቦክስ አትጠይቁኝ፣ አልሰጥም። ሄዳችሁ የቲቢ ክፍል የት ነው በሉ፣ ጠዋት ከሆነ ሰልፉም ይቀላል።