ጀርመን፣ ክልስ ወይስ ሐበሻ? ለግቢ ውሻ ብር ከማውጣታችሁ በፊት

ሳፋው ውስጥ ያለው ውኃ ጠቆረ። ቡችላውን ካመጣሁት ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቁንጫ ስላየሁበት በለብታ ውኃና በሳሙና እያጠብኩት ነበር። ጀርባው ላይ ያለው ያ የሚያምር፣ ኮርቻ የሚመስል ጥቁር ቀለም በጣቶቼ መሃል እየፈሰሰ ወረደ። ከሥሩ የወጣው አመድማ ቡናማ ፀጉር ነው። የፀጉር ቀለም ቀብተውታል። ለዚያ ቡችላ 18,000 ብር ከፍያለሁ። ጊዜው 2014 ዓ.ም. ነው።

የሸጠልኝ ልጅ ካርቶን ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። «ብራዘር፣ ፒዩር ጀርመን ነው፤ ከፈረንጅ ቤት የወጣ» አለኝ። የክትባት ደብተርም ሰጠኝ። ደብተሩን ያነበብኩት ውኃው ከጠቆረ በኋላ ነው። ቡችላው 45 ቀኑ ነው ተብያለሁ። የመጀመሪያው ክትባት የተጻፈበትን ቀን ወደ ኋላ ስቆጥር ግን ያኔ የ9 ቀን ልጅ ነበር። በ9 ቀኑ የብዙ ቡችላ ዓይን እንኳን አይገለጥም። ክትባት የሚጀመረው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተ። ፓርቮ ነው፤ ቡችላ የሚገድለው የአንጀት ቫይረስ። መጀመሪያ ምግብ እምቢ አለ። ከዚያ ማስመለስ፣ ከዚያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ። ለአራት ቀን ግሉኮስ አስተከልኩለት፤ 6,400 ብር። ሲደመር 24,400 ብር። ልጄ ደግሞ ስም አውጥታለት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼ ሁሉ ውሻ ሊገዙ ሲያስቡ ይደውሉልኛል። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ጀርመን ይሻላል ክልስ?» መልሴን አልደብቅም። አባቱ ጀርመን ሸፈርድ፣ እናቱ ሐበሻ የሆነች፣ ሴት ቡችላ ግዙ። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ዋጋውን አስቀድመን እንጨርስ

ባለፈው ዓመት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አዲስ አበባ ውስጥ ስንዞር የተጠየቅነውን ልንገራችሁ። እናትና አባቱ በዓይን የሚታዩ ንጹሕ ጀርመን ከ35,000 እስከ 50,000 ብር። የሮትዋይለርና የጀርመን ክልስ 25,000። የጀርመንና የሐበሻ ክልስ፣ ከሰው ቤት በቀጥታ ከወሰዳችሁት፣ ከ4,000 እስከ 7,000። ሐበሻ ቡችላ በነፃ ይሰጣችኋል፤ ካልሆነም ለልጆቹ ሻይ መጠጫ ብላችሁ 500 ብር ትሰጣላችሁ።

መንገድ ዳር «ፒዩር» የሚባለው ግን ቁርጥ ዋጋ የለውም። አንዱ 20,000 አለን። ጀርባችንን ሰጥተን ስንሄድ 14,000 ሆነ። መኪና ውስጥ ስንገባ 9,000። የእውነት ንጹሕ ዝርያ ያለው ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ 11,000 ብር አይቀንስም። ዋጋው እንዲህ ከወረደ ክልስ ነው የያዘው። ክልስ ደግሞ በ5,000 ብር እናቱን እያያችሁ ታገኛላችሁ።

ሰው የሚረሳው ወጪ ከተገዛ በኋላ ያለውን ነው። የእህቴ ባል ንጹሕ ጀርመን አለው። በ40,000 ነው የገዛው። ለሱ ምግብ በወር 4,800 ብር ያወጣል። የኔዋ ክልስ ዳማ ትባላለች፤ ከሥጋ ቤት ሳንባና አጥንት፣ ርካሽ ሩዝ፣ ትንሽ ካሮት ሲደመር በወር 1,900 ብር ትበላለች። ልዩነቱ በወር 2,900፣ በዓመት 34,800 ነው። በአንድ ዓመት የምግብ ልዩነት ብቻ እንደ ዳማ ያሉ ስድስት ቡችላዎች ይገዛል። ይህን ለእህቴ ባል ስነግረው ቅር ይለዋል፤ ሒሳቡ ግን ሒሳብ ነው።

ንጹሕ ጀርመን፤ ግሩም ውሻ፣ የዳሌ ነገር

ጀርመን ሸፈርድን አልጠላውም። በ1899 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀርመን አገር ውስጥ እንደ አንድ ዝርያ ሲመዘገብ ሥራው በግ መጠበቅ ነበር። ቶሎ ይማራል፣ ያዳምጣል፣ ከጌታው ዓይን አይለይም። ከውሻው ጋር በየቀኑ አንድ ሰዓት የምታሳልፉ ከሆነ እንደሱ የሚመልስላችሁ የለም።

ችግሩ ዳሌው ነው። ይህ ዝርያ የዳሌ መጋጠሚያው በትክክል ሳይገጥም የማደግ ጣጣ አለበት፤ ከወላጅም ይወረሳል። ቡችላ ሆኖ አይታይም። የእህቴ ባል ውሻ አምስት ዓመት ሲሞላው በክረምት ጠዋት ጠዋት ከተኛበት መነሳት አቃተው። የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ የኋላውን እየጎተተ፣ ሦስቴ ሞክሮ ነው የሚቆመው። ቢሾፍቱ ድረስ ወስዶ ራጅ አስነሳው። አሁን በየወሩ የሕመም ማስታገሻ ይገዛል። ሌባ ቢመጣ ይህ ውሻ ይጮኻል እንጂ አይነሳም።

ስለዚህ ንጹሕ ካልሆነ አልገዛም የምትሉ ከሆነ ቡችላውን ትታችሁ ወላጆቹን አስሂዱ። ከተኙበት አስነሷቸው። ከኋላ ቆማችሁ ስትመለከቱ ዳሌያቸው ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ወይም ሁለቱን የኋላ እግር አንድ ላይ እንደ ጥንቸል እያነሱ የሚሮጡ ከሆነ፣ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

የሮትዋይለርና የጀርመን ክልስ

ይህን የሚገዛው ሰው በብዛት የሚፈልገው ማስፈራራት ነው። ያስፈራራልም። ጭንቅላቱ ብቻ ሰው ያስደነግጣል። ግን ውሻ አሳድጎ ለማያውቅ ሰው አልመክርም። ሁለቱም ወላጆች ግቢና ሰው የመጠበቅ ስሜታቸው ኃይለኛ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ ማታ ብቻ የሚፈታ ከሆነ ደግሞ ሰው መለየት ያቅተዋል። ለሱ ሁሉም ሌባ ነው።

የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ይህንኑ ክልስ አሳድጎ ነበር። በሩ ክፍት በቀረበት ቀን የጎረቤት ልጅ ነከሰ። ሕክምናውን፣ የእብድ ውሻ መከላከያ መርፌውን፣ የሽምግልናውን ካሣ ከፈለ። የከፈለው ከውሻው ዋጋ ይበልጣል። «በሩን የከፈተችው ሠራተኛዋ ናት» ማለትም አያዋጣም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ከቁጥጥሩ በድንገት ቢያመልጥ እንኳን።

ሌላም አለ። ሮትዋይለር በፓርቮ ቶሎ ከሚጠቁት ዝርያዎች አንዱ ነው። ጀርመንም ከነዚያው ውስጥ ነው። ሁለቱን ስታዳቅሉ ክትባቱ በአንድ ሳምንት ሲዘገይ እንቅልፍ የሚነሳ ቡችላ ነው የምትወስዱት።

ሐበሻ፤ የናቅነው

ስለ ሐበሻ ውሻ ስንናገር የምናስበው መንገድ ላይ የሚዞረውን ነው። ግቢ ውስጥ በልቶ፣ ተከትቦ ሲያድግ ሌላ ፍጥረት ነው። እንቅልፉ ቀላል ነው። ትንሽ ይበላል። ብርዱንም ዝናቡንም ይችላል። ጅብ በሚመጣበት የከተማ ዳርቻ የምትኖሩ ከሆነ ይህን አስቡበት፤ ያየኋቸው ሐበሻ ውሾች ርቀታቸውን ጠብቀው ይጮኻሉ እንጂ ዘለው ጅብ ላይ አይወጡም። ጀርመኑ ግን ይወጣል።

ግን እውነቱን ልናገር። ከዳማ በፊት የነበረው ውሻችን ሐበሻ ነበር፤ አጥር አያቆመውም። በሥሩ ቆፍሮ፣ በላዩ ዘሎ፣ ጠዋት ጠዋት ሰፈር ዞሮ ይመለስ ነበር። አንድ ቀን መኪና ገጨው። ደግሞም ለሁሉም ይጮኻል፤ ለድመት፣ ለቆሎ ሻጭ፣ ለነፋስ። ሁሌ ሲጮኽ ሌባ በመጣ ቀንም አትነሱም።

ዳማና የመጀመሪያው ክልስ

ዳማን በ5,000 ብር ያገኘኋት አያት አካባቢ ከሚኖሩ አንዲት እናት ነው። እናቷ ሐበሻ፣ አባቷ የጎረቤት ጀርመን። ገና ስገባ «ልጄ፣ መጀመሪያ እናትየዋን እያት» አሉኝ። እናትየዋ ያልታሰረች፣ ዓይኗ ንጹሕ፣ ልጆቿ ላይ ቆማ የምታጉረመርም ነበረች። የዚያን ጊዜ ነው የወሰንኩት።

አሁን አራት ዓመት ሊሞላት ነው። ቁመቷ ከጀርመን ዝቅ፣ ከሐበሻ ከፍ ይላል። ቀኑን በሩ ጥግ ተኝታ ትውላለች። አንድ ሌሊት ወደ 9 ሰዓት ላይ ከአልጋዬ ሆኜ ሰማኋት። መጀመሪያ ጩኸት አይደለም። ጉሮሮዋ ውስጥ የሚቀር ዝቅተኛ ማጉረምረም ነው። ለድመት እንደዚያ አታደርግም። ከዚያ ሁለቴ ጮኸች፤ አጭር፣ ወፍራም። ዝም አለች። እንደገና ሁለቴ። ተነስቼ መብራት ሳበራ ከውጪ የሚሮጥ የጫማ ድምፅ ሰማሁ። በር ላይ የቆመው የጎረቤት መኪና አንዱ ስፖኪዮ ተፈትቶ በሽቦው ተንጠልጥሏል። የኔ ከጎኑ ቆሞ ምንም አልሆነም። ከአባቷ ማዳመጡን፣ ከእናቷ እንቅልፍ ቀላልነቱን ወስዳለች ብዬ አምናለሁ።

ግን «ክልስ» ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ክልስ የምለው ንጹሕ ጀርመን ከሐበሻ የወለደውን ነው፤ ቡችላዎቹ በአብዛኛው ይቀራረባሉ፤ ምን እንደምታገኙ ትገምታላችሁ። ክልስ ከክልስ ሲወልድ ግን የወላጆቹ ባሕርይ ይበታተናል። ከአንድ ወሊድ አንዱ ግዙፍ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ደፋር፣ አንዱ ከጥላው የሚሸሽ ይወጣል። በ45 ቀናቸው ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ሻጩም ሁሉንም በአንድ ዋጋ ይሸጥላችኋል። ስለዚህ «ክልስ ነው» ሲሏችሁ «ከምንና ከምን?» በሉ። አባትየውን ማሳየት ካልቻሉ ቢያንስ እናትየዋ ትታይ። እናትየዋም ከሌለች አትግዙ።

ሴት ያልኩት ስለማትዞር ነው። የሰፈራችን ወንድ ውሾች ግን አንዲት ሴት ውሻ የመራቢያ ጊዜዋ በደረሰ ቁጥር ግቢ ጥለው ይጠፋሉ። ሴቷን በጊዜ ማስመከን ነው፤ እኔ 3,500 ብር ከፍዬ ጨርሻለሁ።

ስትገዙ እጃችሁ ላይ የሚታይ ነገር

እርጥብ ነጭ ጨርቅ ወይም ሶፍት ይዛችሁ ሂዱ። ጀርባውን በደንብ እሹት። ቀለም ከሆነ ይለቃል።

አፉን ክፈቱ። «ሁለት ወሩ ነው» የተባለ ቡችላ የወተት ጥርሶቹ በአብዛኛው ወጥተው ማለቅ አለባቸው። መንጋጋው ባዶ ከሆነ ከእናቱ ያለ ጊዜው ተነጥቋል። ሆዱ እንደ ፊኛ የተነፋ ቡችላ ጠግቦ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ትል ነው። ጆሮው በዚህ ዕድሜ ምንም አይነግራችሁም። የጀርመን ጆሮ የሚቆመው በአብዛኛው ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው።

ፓርቮ የገደለው ቡችላ የነበረበት ግቢ ውስጥ ያልተከተበ ቡችላ አታስገቡ። ቫይረሱ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል። እኔ ሲሚንቶውንና የውሻውን ቤት አንድ እጅ በረኪና ለሠላሳ እጅ ውኃ በጥብጬ አጠብኩት። ከዚያም አንድ ዓመት ጠበቅኩ። ዳማ ስትመጣ ክትባቷን እስከ 16ኛ ሳምንቷ በየሦስት ሳምንቱ አስወጋኋት፤ የእብድ ውሻውን በሦስት ወሯ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ደብተሩ ላይ ከክትባቱ ጠርሙስ የተላጠው ወረቀት ተለጥፎ፣ የሐኪሙ ፊርማ ካልተጨመረበት እንደተከተበ አትቁጠሩት።

ምግቡ ላይ አንድ ነገር። የወጥ ትራፊ አትስጡ። ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፤ ወጣችን ደግሞ ሽንኩርት ነው። «ሐበሻ ውሻ ለምዶታል» የሚባለው ልክ አይደለም። ከሥጋ ቤት የምታመጡትን ሳንባና ጉበት በደንብ ቀቅሉት። በጥሬው ከሰጣችሁት፣ አንዳንዴ ሳንባውና ጉበቱ ላይ በሚገኘው ውኃ የቋጠረ ዕባጭ ውስጥ ያለው ትል ውሻው አንጀት ውስጥ አድጎ፣ ዕንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ልጆቻችሁ ሊተላለፍ ይችላል።

ትናንት ማታ አንድ ጓደኛዬ ፎቶ ላከልኝ። ጥቁር ኮርቻ ያለው፣ ወፍራም እግር፣ የሚያምር ቡችላ። «12,000 ብሏል፣ ልጨርስ?» ይላል። የእናትየዋን ፎቶ እንዲልክልኝ ጻፍኩለት። እስካሁን አልላከም።