«ለዓይን ድርቀት ሙሉ ፓኬጅ» ለሚባለው ካርቶን ገንዘብ አታውጡ

በማህበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያ ላይ ደጋግሞ ብቅ የሚል አንድ ሽያጭ አለ። ዓይን የሚያነጣ ጠብታ፣ በቻርጅ የሚሠራ የሚያሞቅና የሚንቀጠቀጥ የዓይን ማሻ፣ የዓሣ ዘይት እንክብል፣ ሰማያዊ ብርሃን ይከለክላል የሚባል መነጽር፤ አራቱም በአንድ ካርቶን። ስሙ በየሻጩ ይለያያል፣ ውስጡ ግን ያው ነው። የዓይን ድርቀታችሁ ወራት ወይም ዓመታት ያስቆጠረ ከሆነ አትግዙት። ከአራቱ አንዱ ችግሩን ያባብሳል፣ ሁለቱ ሲፈተኑ የተባለላቸውን ጥቅም አላሳዩም፣ የቀረው አንዱ ደግሞ መነሻ ሐሳቡ ልክ ሆኖ አሠራሩ የተበላሸ ነው።

ጠብታው

ብልቃጡን አዙራችሁ ንጥረ ነገሩን አንብቡ። ቴትራሃይድሮዞሊን፣ ናፋዞሊን ወይም ኦክሲሜታዞሊን የሚል ካገኛችሁ የያዛችሁት የድርቀት መድኃኒት ሳይሆን ቅላት መደበቂያ ነው። ሥራቸው በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ማጥበብ ነው። እንባ አይጨምሩም፣ ያለው እንባም ቶሎ እንዳይተን አይከላከሉም። ዓይን በደቂቃዎች ውስጥ ይነጣል፣ ገዢም «ሠራልኝ» ብሎ አስተያየት ይጽፋል። የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ ግን የደም ሥሮቹ ከበፊቱ ይበልጥ ይሰፋሉ፣ ዓይን ይብስ ይቀላል፣ ሰውየውም ደግሞ ያንጠባጥባል። እዚህ አዙሪት ውስጥ የገባ ሰው በሽታው የባሰበት ይመስለዋል እንጂ ጠብታውን አይጠረጥርም። ሻጩም ሁለተኛውን ብልቃጥ የሚሸጠው በዚህ ነው። (በነገራችን ላይ ቤት ውስጥ ካለ ልጆች ከማይደርሱበት አርቁት። አንድ ሕፃን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢውጥ እንኳ ከባድ እንቅልፍ ሊጥለው፣ የልብ ምቱ ሊቀንስና ራሱን ሊስት ይችላል።)

ከዚህ የባሰው ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ነው። ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ፍሉኦሮሜቶሎን፤ በአጭሩ ስሙ በ«ዞን» ወይም በ«ሎን» የሚያልቅ ነገር ካያችሁ ቆም በሉ። ብዙ ጊዜ ከኒኦማይሲን፣ ከቶብራማይሲን ወይም ከክሎራምፌኒኮል ጋር ተቀላቅሎ ስለሚመጣ «አንቲባዮቲክ ነው» ተብሎ ይሰጣል። የቆየ ድርቀት ውስጡ ብግነት ስላለበት ስቴሮይድ በእርግጥም ቶሎ ያሳርፋል፤ ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው። ለሳምንታት ያለ ክትትል ሲወሰድ በአንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ግፊትን ይጨምራል። ይህ አያምም፣ አያቀላም፣ የእይታ ነርቭ ተጎድቶ የዕይታ ዳር መጥበብ እስኪጀምር ድረስ አይታወቅም። በዚያ ላይ የዓይን ሞራ ያፋጥናል፣ ተደብቆ የነበረ የሄርፐስ ቁስልንም ያገረሻል። የዓይን ሐኪም ለአጭር ጊዜ ሊያዝ ይችላል፣ ግን ግፊት እየለካ ነው። በ«ካይን» የሚያልቁት (ቴትራካይን፣ ፕሮፓራካይን) ደግሞ ማደንዘዣ ናቸው። ቤት ወስዶ መጠቀም ኮርኒያን (የዓይንን ጥርት ያለ የፊት ሽፋን) እስከ መብሳት ሊያደርስ ስለሚችል ማንም ይስጣችሁ ማን አትውሰዱ።

ማሻው

እዚህ ላይ ትንሽ ማብራሪያ ያስፈልጋል። አብዛኛው የቆየ የዓይን ድርቀት የሚመጣው ውሃው ስላነሰ ብቻ ሳይሆን ውሃውን የሚሸፍነው ዘይት ስለጎደለ ነው። ዘይቱን የሚያመነጩት ሜይቦሚያን የተባሉት ዕጢዎች ናቸው። በላይኛው የዓይን ቆብ ከ25 እስከ 40፣ በታችኛው ከ20 እስከ 30 ያህል አሉ፤ አፋቸውም የሚከፈተው ከሽፋሽፍቱ ሥር በስተውስጥ ነው። ዘይቱ ጤነኛ ሲሆን ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው፤ ሲታመም ወፍሮ እንደ ጥርስ ሳሙና ይሆንና ቀዳዳውን ይደፍናል። ስለዚህ ሙቀት መጠቀም ትክክለኛ ሐሳብ ነው።

የተበላሸው አሠራሩ ነው። የደነደነው ዘይት እንዲቀልጥ ቆቡ ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ለጥቂት ደቂቃዎች እዚያው መቆየት አለበት። ብዙዎቹ የካርቶን ማሻዎች በስንት ዲግሪ እንደሚሠሩ አይጽፉም፤ «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» ብቻ ይላሉ። በዚያ ላይ በአየር የሚነፋው ከረጢት የዓይን ኳሱን ራሱን ይጫናል። ግላኮማ ላለበት፣ ኮርኒያው እየሳሳ ለሚሾል (ኬራቶኮነስ ለሚባለው)፣ በቅርቡ የዓይን ቀዶ ሕክምና ላደረገ ሰው ይህ ግፊት አደጋ ነው። ለሌላውም ቢሆን ጥቅም የለውም፤ መጨመቅ ያለባቸው ዕጢዎቹ እንጂ ኳሱ አይደለም።

ያለ ካርቶኑ እንዲህ ይሠራል። ኮንታክት ሌንስ ካለ ይወጣል፣ እጅ ይታጠባል። ንጹህ ፎጣ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውሃ ተነክሮ ይጨመቅና በተዘጋ ዓይን ላይ ሳይጫን ይቀመጣል። መጀመሪያ በእጃችሁ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ላይ ሞክሩት፤ እዚያ ካቃጠለ ለቆቡ አይሆንም። እርጥብ ፎጣ በ2 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ «ሞክሬው አልሠራልኝም» የሚሉት አብዛኞቹ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ አንዴ አስቀምጠው 10 ደቂቃ ይተኛሉ። በየ2 ደቂቃው እንደገና መሞቅ አለበት፣ በድምሩ ለ10 ደቂቃ ያህል። ሙቀቱን የሚይዝ በፍሬ የተሞላ ጭምብልም ይሆናል፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከመመሪያው በላይ አታቆዩት እንጂ።

ፎጣው እንደተነሳ፣ ዘይቱ ሳይረጋ፣ ወዲያው ማሸት ይከተላል። ዓይን እንደተዘጋ በጣት ጫፍ የላይኛውን ቆብ ከላይ ወደ ሽፋሽፍቱ፣ የታችኛውን ከታች ወደ ሽፋሽፍቱ፣ ከአፍንጫ በኩል ጀምሮ እስከ ውጪው ጥግ ድረስ ጣትን እያንከባለሉ መጫን ነው። ቆቡ ጠርዝ ላይ የተረፈውን ዘይትና የዓይን አር በእርጥብ ንጹህ ጥጥ መጥረግ ይበቃል። ለጥቂት ደቂቃ ዕይታ ቢደበዝዝ የወጣው ዘይት ነው፤ አትደንግጡ። በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ፣ ለውጥ አለ ወይስ የለም ከማለታችሁ በፊት ቢያንስ ለ4 ሳምንት። ካልተበረዘ የሻይ ዛፍ ዘይት (ቲ ትሪ ኦይል) ጋር የሚሸጡ መጥረጊያዎችን ግን ተዉ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ኮርኒያን ያቃጥላል።

እንክብሉና መነጽሩ

እነዚህ ላይ ብዙ አንቆይም። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመው ድሪም የተባለው ጥናት 535 የዓይን ድርቀት ያለባቸውን ሰዎች ይዞ ሁለት ሦስተኛ ገደማውን በቀን 3000 ሚሊ ግራም ኦሜጋ 3፣ ቀሪዎቹን የወይራ ዘይት ለ12 ወር አስወሰደ። ሁለቱም ቡድኖች ተሻለን አሉ፤ በመካከላቸው ግን ልብ የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ «ወስጄው ተሻለኝ» የሚሉት ደንበኞች ላይዋሹ ይችላሉ፤ የወይራ ዘይት ቢወስዱም እንዲሁ ይሉ ነበር።

መነጽሩን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 17 ጥናቶችን አይቶ፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚያጣሩ መነጽሮች በስክሪን የሚመጣን የዓይን ድካም በአጭር ጊዜ የመቀነሳቸው ነገር እንደማይታይ ጽፏል። ስክሪን ፊት ዓይን የሚደርቀው በብርሃኑ ቀለም አይደለም። በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ይርገበገብ የነበረው ዓይን ወደ 5 ወይም 7 ስለሚወርድ፣ እሱም ሲሆን ቆቦቹ ሙሉ ለሙሉ ስለማይገጥሙ ነው። ስክሪኑን ከዓይን መስመር ዝቅ ማድረግ፣ የአየር ማቀዝቀዣና የቬንቲሌተር ነፋስ ፊት ላይ እንዳይመጣ ማዞር፣ አልፎ አልፎም ቆቦቹ እስኪነካኩ ድረስ ቀስ ብሎ መጨፈን ከመነጽሩ ይሻላል፤ ምንም አያስከፍልም።

ትክክለኛውን ጠብታ ለመግዛት

ሰው ሰራሽ እንባ የሚባለው ላይ የምትፈልጉት ስም ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ (0.5 በመቶ የተለመደ ነው)፣ ሶዲየም ሃያሉሮኔት (ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ) ወይም ሃይድሮክሲፕሮፒል ሜቲልሴሉሎስ (0.3 በመቶ) ነው። አንዱ ከሌላው በግልጽ ይበልጣል የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ የለም፤ ውድ ስለሆነ የተሻለ አይምሰላችሁ። ዘይት ለጎደለው ዓይን በውስጡ ዘይት ያለበት ጠብታ፣ ለሌሊት ደግሞ ጄል ወይም ቅባት ይመረጣል።

ቀጥሎ መከላከያ ኬሚካሉን ፈልጉ። ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ብልቃጡ ውስጥ ጀርም እንዳያድግ ይጨመራል፣ በባሕርዩ ግን ሳሙና ነገር ነው፤ የእንባውን ዘይት ይበትናል፣ የኮርኒያን ገጽ ያቆስላል። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የምታንጠባጥቡ ከሆነ መከላከያ የሌለበትን ውሰዱ።

እዚህ ግን ሁለተኛ ወጥመድ አለ። «መከላከያ የለውም» የሚል ጽሑፍ በተራ፣ ብዙ ጊዜ በሚከፈት ብልቃጥ ላይ ካያችሁ አትግዙ። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ከእንዲህ ያለ ሰው ሰራሽ እንባ ጋር በተያያዘ መድኃኒት የተላመደ ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ተሰራጭቶ፣ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከሉ በ18 ግዛቶች 81 ሰዎች መያዛቸውን መዝግቧል። 14ቱ ዕይታቸውን አጡ፣ የ4ቱ ዓይን መውጣት ነበረበት፣ 4 ሰዎች ሞቱ። መከላከያ የሌለው ጠብታ መምጣት ያለበት ወይ በአንድ ጊዜ መጠቀሚያ ትንንሽ ፕላስቲክ፣ ወይ አየርና ጀርም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርግ ቫልቭ ባለው ልዩ ብልቃጥ ነው። የአንድ ጊዜውን ከፍታችሁ ለነገ አታቆዩ። መከላከያ ያለበት ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ ከተከፈተ በ4 ሳምንት ይጣላል፤ የከፈታችሁበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፉ።

አንድ ጠብታ በቂ ነው። ከብልቃጡ የሚወርደው ከ30 እስከ 50 ማይክሮ ሊትር ሲሆን ዓይን የሚይዘው ወደ 30 ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ይፈሳል። የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጋችሁ ጫፉ ዓይንም ሽፋሽፍትም ሳይነካ አንጠባጥቡ፣ ከዚያ ለ1 ደቂቃ ጨፍኑ። ሌላ ጠብታ ካለ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ ቅባት ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ። «ሲያመኝ ብቻ» ከማለት በሰዓት፣ ለምሳሌ በቀን 4 ጊዜ፣ ለ4 ሳምንት መቀጠል ይሻላል።

ቅድሚያ የሚከፈልበት የብርሃን ሕክምና

ከካርቶኑ ጎን ለጎን በጥቅል የሚሸጠው አይ ፒ ኤል የተባለው የብርሃን ሕክምና ነው፤ በተለምዶ ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ በሳምንታት ልዩነት። ለአንዳንዱ ሰው ይረዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 ለዓይን ድርቀት ሲፈቅደው ግን ፊትዝፓትሪክ በሚባለው የቆዳ ቀለም ሚዛን (1 በጣም የነጣ፣ 6 በጣም የጠቆረ) ከ1 እስከ 4 ላሉ ቆዳዎች ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ፣ ማለትም 5 እና 6፣ ብርሃኑን ራሱ ስለሚውጥ ሊቃጠልና ጥቁር ወይም ነጭ ጠባሳ ሊይዝ ይችላል። ይህን ሳይነግራችሁ ለአራቱም ዙር ቅድሚያ ክፈሉ ያለ ሰው ጋ አትክፈሉ።

ከማንኛውም ክፍያ በፊት መደረግ ያለበት ምርመራ ቀላል ነው። ቢጫ ቀለም ጨምሮ እንባው በስንት ሰከንድ እንደሚሰበር ማየት (ከ10 በታች ያነሰ ነው)፣ በቀለሙ የኮርኒያን ቁስል መፈለግ፣ የሺርመር ወረቀት (እንባ የሚመጥ ቀጭን ወረቀት) በታችኛው ቆብ ውስጥ ለ5 ደቂቃ አስቀምጦ ምን ያህሉ እንደራሰ መለካት (5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ውሃው በጣም አንሷል ማለት ነው)፣ ቆቡን ጫን አድርጎ የሚወጣውን ዘይት ማየት። ሻጭ የማይጠይቃችሁ ጥያቄም አለ፦ ምን መድኃኒት ትወስዳላችሁ? የአለርጂ መድኃኒቶች፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን ዓይን ያደርቃሉ። አፍ አብሮ ከደረቀና መገጣጠሚያ ካመመ ሾግረን የተባለው በሽታ (ሰውነት የራሱን የእንባና የምራቅ ዕጢዎች የሚያጠቃበት) መመርመር አለበት። ብግነቱ ከባድ ሲሆን የሚታዘዘው ሳይክሎስፖሪን 0.05 በመቶ እንኳ ሙሉ ውጤቱን ለማሳየት 3 ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ «በ30 ቀን ካልዳናችሁ ገንዘባችሁ ይመለሳል» የሚለው ዋስትና ከበሽታው ጋር አይገጥምም። ደግሞም የተከፈተ የዓይን ጠብታ ማን መልሶ ይቀበላል?

ካርቶኑን ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ፣ የሚያነጣውን ጠብታ አቁሙ። ቅላቱ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይብሳል፤ ካልተቻለ መጀመሪያ ከአንዱ ዓይን፣ እሱ ሲረጋጋ ከሁለተኛው ማቋረጥ ይቻላል። ስቴሮይድ ያለበትን ለሳምንታት ስትወስዱ ከቆያችሁ ግን በራሳችሁ በድንገት አታቁሙ፤ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ግፊታችሁን አስለኩ። ከባድ ሕመም፣ ብርሃን አለመቻል፣ የዕይታ መቀነስ፣ ብዙ የዓይን አር ወይም በአንድ ዓይን ብቻ የበረታ ቅላት ካለ፣ በተለይ ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ታዩ። ብልቃጡንም ካርቶኑንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው ከዚያ ላይ አንብቦ ነው።