የዋኔፕ የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ አገልግሎት፦ ጆሮው ሰፊ፣ እጁ አጭር

ግጭትን ለመከላከል የተሰባሰቡ የሲቪል ማኅበረሰብ መረቦች ብዙውን ጊዜ የሚመዘኑት ባወጡት መግለጫና ባካሄዱት ስብሰባ ብዛት ነው። በምኅፃሩ ዋኔፕ ተብሎ የሚታወቀው የምዕራብ አፍሪካ የሰላም ግንባታ መረብ ግን ከዚህ ከፍ ባለ መስፈርት ሊመዘን ይገባዋል፤ የስጋት መረጃን ከመንደር ሰብስቦ፣ ተንትኖ፣ እርምጃ ሊወስድ ለሚችል አካል የሚያደርስ ተጨባጭ አገልግሎት ይሰጣልና።

መረቡ እ.ኤ.አ. በ1998 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተው የላይቤሪያና የሴራሊዮን የእርስ በርስ ጦርነቶች ቀጠናውን ባመሱበት ዘመን ሲሆን፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በጋና ዋና ከተማ በአክራ ነው። ከ500 በላይ አባል ድርጅቶችን ያቀፈ ከመሆኑም ሌላ ከ2002 ጀምሮ ከምዕራብ አፍሪካ መንግሥታት የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ፣ ከኢኮዋስ፣ ጋር በቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ተጣምሯል። በጥምረቱ ውስጥ ከሁሉ በላይ የማደንቀው የዘጋቢዎቹን አመዳደብ ነው፤ በየአገሩ አንዱ ከመንግሥት፣ ሌላው ከሲቪል ማኅበረሰብ ይሆንና ሁለቱም ወደ አንድ ሥርዓት ይዘግባሉ። የመንግሥቱ ዘጋቢ የአለቆቹን ጥፋት ለማለሳለስ፣ የማኅበሩ ዘጋቢም በደሉን ለማጉላት ሊፈተን ይችላል፤ ሁለቱ ዘገባዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ልዩነታቸው ራሱ ለተንታኙ መረጃ ይሆናል።

አገልግሎቱ በይበልጥ የሚሠምርለት በምርጫ ወቅት ነው። ዋኔፕ በሚያዘጋጃቸው የምርጫ ክትትል ማዕከላት መረጃ የሚቀበሉ፣ የሚተነትኑና የሚወስኑ ሰዎች በተለያዩ ክፍሎች ይሠራሉ፤ በውሳኔው ክፍል የሚቀመጡትም ፖለቲከኞች ስልካቸውን ሊዘጉባቸው የማይደፍሩ፣ በኅብረተሰቡ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ሰው አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ማን ይደውል በሚል ክርክር ጊዜ አይባክንም።

የመረቡ ጉልበት በወረቀት ላይ ብቻ እንዳልሆነ የላይቤሪያ ሴቶች አሳይተዋል። ዋኔፕ በ2001 የጀመረው የሴቶች የሰላም ግንባታ መርሐ ግብር የላይቤሪያ ቅርንጫፍ በሌማ ግቦዊ መሪነት ክርስቲያንና ሙስሊም ሴቶችን አሰባስቦ፣ በ2003 አክራ ላይ የላይቤሪያ የሰላም ድርድር ሲጓተት ሴቶቹ የአዳራሹን መውጫ ዘግተው ተደራዳሪዎቹን እስከ መያዝ ደርሰዋል፤ የሰላም ስምምነቱም በዚያው ዓመት ነሐሴ 18 ቀን እ.ኤ.አ. ተፈርሟል።

ዋናው ጉድለት የሚታየው የስጋቱ ምንጭ ራሱ ሥልጣን የያዘው ወይም ጠመንጃ የታጠቀው አካል ሲሆን ነው። የኢኮዋስ ምላሽ የመሪዎቹን ፈቃድ የሚጠብቅ በመሆኑ፣ ማስጠንቀቂያው ቢደርስም መልሱ ይዘገያል ወይም ይቀራል። ማሊ በ2020 እና በ2021፣ ቡርኪና ፋሶ በ2022 ሁለት ጊዜ፣ ኒጀር ደግሞ በ2023 መፈንቅለ መንግሥት አስተናግደዋል፤ ሦስቱም በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ከኢኮዋስ በይፋ ወጥተዋል። ስለዚህ መረጃው እጅግ በሚያስፈልግበት፣ ሦስቱ አገሮች በሚገኙበት በሳህል ቀጠና፣ መረጃውን ወደ ውሳኔ ሰጪዎች የሚያደርሰው መደበኛ መንገድ ጠቧል። ይህ የመረቡ ጥፋት ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሆኖም አገልግሎቱን በአንድ የመንግሥታት ድርጅት ላይ ማንጠልጠል የሚያስከትለውን አደጋ ያጋልጣል።

በዚህ ረገድ በኬንያ በ2010 የሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ ዋዜማ የተቋቋመው ኡዊያኖ የተባለው የሰላም መድረክ ጠቃሚ ንጽጽር ነው። ማንኛውም ዜጋ ያለ ክፍያ በአጭር ቁጥር 108 የጽሑፍ መልእክት ይልክ ነበር፤ መድረኩም የመንግሥት ኮሚሽንን ከሲቪል ማኅበራት ጋር አጣምሮ የያዘ ስለነበር፣ መልእክቱ ወደ አገር መሪዎች ሳይወጣ ለአካባቢው የሰላም ኮሚቴ ወይም ለፖሊስ ሊተላለፍ ይችል ነበር።

ተመሳሳይ መረብ ለማቋቋም ለሚያስብ ማኅበር የዋኔፕን የጥንድ ዘጋቢዎች አሠራርና የውሳኔ ክፍሉን አደረጃጀት እንዳለ ቢወስድ እመክራለሁ፤ ሶፍትዌር ከመግዛቱ በፊት ግን ማስጠንቀቂያው በወረዳ ደረጃ ማን ዘንድ እንደሚደርስና ያ ሰው በስንት ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት እንዳለበት በጽሑፍ ይስማማ።