«በ30 ቀን ሰው መሳል» የሚባለውን ሙሉ ፓኬጅ ከመክፈላችሁ በፊት

ሰሞኑን በቴሌግራምና በቲክቶክ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ በተለያየ ስም እየዞረ ነው። የሰው ምስል አሳሳል ኮርስ፣ የቀለምና የብሩሽ ስብስብ፣ «ዓለም አቀፍ» ሰርተፊኬት፣ «የዕድሜ ልክ» ግሩፕ፤ ሁሉም በአንድ ክፍያ፣ ያውም «እስከ ዛሬ ሌሊት ብቻ በግማሽ ዋጋ»። በቴሌብር አስገቡ፣ ስክሪንሾት ላኩ፣ አለቀ። ሻጮቹ ይለያያሉ፣ የሚሸጠው ግን ያው ስለሆነ ስም ከመጥራት ዕቃውን ፈታትቶ ማየት ይሻላል።

ሰው መሳል የሚማር ሰው ብሩን ማውጣት ያለበት ለእርማት ነው። ቪዲዮ በነፃ ሞልቷል፤ ፕሮኮ የሚባለው የስዕል ትምህርት ቻናል በዩቲዩብ ላይ የለቀቃቸው ትምህርቶች ብቻ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ናቸው። በነፃ የማይገኘው፣ የሚያውቅ ሰው የእናንተን ስዕል አይቶ፣ ስህተቱን በላዩ ላይ በመስመር አሳይቶ ሲመልስላችሁ ነው።

እርማት ምን እንደሚመስል ለማያውቅ፦ ክብደቱን በቀኝ እግሩ ላይ ጥሎ የቆመ ሰው ሳላችሁ እንበል። ደህና አራሚ መጀመሪያ አንገት ሥር፣ ከግራና ከቀኝ ትከሻ በሚመጡት ሁለት አጥንቶች መካከል ካለችው ጎድጓዳ ቦታ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ታች ይጥላል። መስመሩ ክብደት በተሸከመው እግር ቁርጭምጭሚት ላይ ወይም አጠገቡ ማረፍ አለበት። ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ ከወጣ ሰውዬው እየወደቀ ነው፤ ጡንቻውን የፈለጋችሁትን ያህል ብታሳምሩት አይቆምም። ቀጥሎ ዳሌና ትከሻን ያያል። ክብደት ባለበት በኩል ዳሌ ከፍ ይላል፣ በዚያው በኩል ያለው ትከሻ ደግሞ ዝቅ ይላል፤ ሁለቱ ትይዩ ሆነው ከተሳሉ ምስሉ ግንድ ይሆናል። ከዚያ የምስሉን ቁመት በጭንቅላቱ ርዝመት ይለካል። የአዋቂ ሰው ቁመት ሰባት ራስ ተኩል ገደማ ነው። ጀማሪ የምስሉን ራስ አተልቆ ይጀምርና ወረቀቱ ሲያልቅበት የምስሉን እግር ያሳጥራል። ዓይን የሚውለውም ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት እኩሌታ ላይ ነው፤ ጀማሪ ፀጉር የሸፈነውን የራስ ቅል ስለሚረሳ ዓይኑን ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሰቅለዋል።

በነዚህ ግሩፖች ውስጥ ስዕል ሲለጠፍ የሚመጣው መልስ ግን «ጎበዝ»፣ «በርቱ» እና የእሳት ኢሞጂ ነው። ሌላም ሊሆን አይችልም። አንድ መምህር 200 ተማሪ መዝግቦ ለእያንዳንዱ በሳምንት አንድ ስዕል፣ አሥር አሥር ደቂቃ ሰጥቶ ቢያርም 2000 ደቂቃ፣ ማለትም 33 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ግሩፑ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ቴሌግራሙ ራሱ ይነግራችኋል፤ ስሌቱን እናንተው ሥሩት።

ስለዚህ ከክፍያ በፊት አንድ የራሳችሁን ስዕል ላኩና «ይህን አርሙልኝ» በሉ። «ከከፈሉ በኋላ» ከተባላችሁ፣ የሌላ ተማሪ የታረመ ስዕል ስሙ ተሸፍኖ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። በእውነት የሚያርም ሰው እንዲህ ያለው በስልኩ ላይ በመቶ የሚቆጠር አለው። ከሌለው ወይ ከተቆጣ ነገሩ ግልጽ ነው።

«በፊት እና በኋላ» የሚሉት ፎቶዎች ሁለተኛው ማጥመጃ ናቸው። «በኋላ» ተብሎ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ፎቶ ላይ ተጭኖ በቀጥታ የተገለበጠ ነው። ምልክቱን ልብ በሉ፦ የዙሪያው መስመር ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት አለው፣ የመነሻ ንድፍ ርዝራዥ አይታይም፣ ወደ ካሜራው የተጠጋው እጅ ወይም ጉልበት የስልክ ሌንስ እንደሚያደርገው ያለ ልክ ተልቋል። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ጥቁሩን ቦታ አጉሉት። በእውነተኛ እርሳስ ወይም ከሰል ሥራ ላይ የወረቀቱ ሸካራነት በጥቁሩ ውስጥም ይታያል፣ የእርሳሱ አቅጣጫም የአካሉን ቅርጽ ተከትሎ ይዞራል። በማሽን የተሠራው ላይ ጭረቶቹ ከጉንጭ ተነስተው አንገት ላይ ያለ ምክንያት ይቀጥላሉ። የዚያኑ ስዕል ሦስት የሂደት ፎቶ ጠይቁ፣ ምስሉንም በጉግል ሌንስ ፈልጉት፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቪዲዮዎቹም ቢሆኑ የራሳቸው ላይሆኑ ይችላሉ። የውጭ ሰው ቪዲዮ ላይ የአማርኛ ድምፅ መጫን የተለመደ ሆኗል። በአንዱ ክፍል መምህሩ በግራ እጁ፣ በሌላው በቀኙ ይስላል፤ የስክሪኑ ጥግ ሎጎ እንዳይታይ ተቆርጧል፤ ድምፁ ሁልጊዜ ከእጁ ኋላ ይከተላል። «ሚስጥራዊው የፈረንሳይ ፒዲኤፍ» እየተባለ ለብቻው የሚሸጠው ደግሞ ፈረንሳዊው ሰዓሊ ሻርል ባርግ ከሌላው ሰዓሊ ከዣን ሌዮን ዤሮም ጋር ያዘጋጀው፣ ከ1866 እስከ 1871 በፈረንጆች አቆጣጠር የታተመው የንድፍ መለማመጃ ነው። 197 ገጽ ሊቶግራፍ (በድንጋይ ላይ ተስሎ የታተመ ምስል) ነው፣ የባለቤትነት መብቱ ካበቃ ቆይቷል፣ በነፃ ይወርዳል። ምንም ሚስጥር የለውም።

የኮርሱን ዝርዝር ስጡን ብላችሁ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ «ግሪድ» ካያችሁ ቆም በሉ። ፎቶ ላይ አራት ማዕዘን አስምሮ ሣጥን በሣጥን መገልበጥ ለማስታወቂያ የሚሆን ፖርትሬት በሰባት ቀን ያወጣል፤ ፎቶው ከፊቱ ሲወሰድ ግን ተማሪው አንድ የተቀመጠ ሰው መሳል አይችልም። ደንበኛው መንገድ የሚጀምረው በፈጣን ንድፍ ነው፦ 30 ሴኮንድ፣ 1 ደቂቃ፣ 2 ደቂቃ፣ የሰውነቱን አጠቃላይ እንቅስቃሴ ብቻ ለመያዝ። ከዚያ ልኬት፣ ከዚያ ሦስቱ ትላልቅ ክፍሎች (ራስ፣ የጎድን አጥንት ቅርጫት፣ ዳሌ)፣ ከዚያ ብርሃንና ጥላ፣ ቀለም በመጨረሻ። ሰዓት እየቆጠረ ፎቶ የሚቀያይር ላይን ኦፍ አክሽን የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለ። 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት ለዚህ ይበቃል፤ አንድ ፓኮ 500 ወረቀት ነው፣ በቀን አሥር ብትጨርሱ 50 ቀን ያስኬዳችኋል።

አሁን ከኮርሱ ጋር ወደሚሸጠው የቀለምና የብሩሽ ሣጥን እንምጣ፤ ትልቁ ብር የሚበላው እዚህ ነው።

«የባለሙያ ዘይት ቀለም፣ 24 ዓይነት» የሚባለው ብዙውን ጊዜ 12 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ትናንሽ ቱቦዎች ናቸው። ሰው ሲሳል ከሁሉ በላይ የሚያልቀው ነጭ ነው። ነጩም እንደ ሌሎቹ 12 ሚሊ ከሆነ አንድ ሁለት ሥራ ላይ ያልቅና ሮዝ፣ ወይን ጠጅና ሦስት ዓይነት አረንጓዴ ይተርፋችኋል። በዚያው ብር አምስት ደህና ቱቦ መግዛት ይሻላል፦ ቲታኒየም ነጭ (ይህኛው ከሌሎቹ በእጥፍ የሚበልጥ)፣ የሎው ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ አልትራማሪን ሰማያዊና አንድ ቀይ። ጥቁር የግድ አያስፈልግም፤ በርንት ሲየናና አልትራማሪን ሲደባለቁ የጠለቀ ጥቁር ይወጣቸዋል።

ቱቦውን አዙሩና ከኋላው አንብቡ። ደህና አምራች የቀለሙን ዱቄት መለያ ይጽፋል፤ በላቲኑ ፒ ፊደል ይጀምራል። ፒደብሊው 6 ቲታኒየም ነጭ፣ ፒቢ 29 አልትራማሪን፣ ፒአር 108 ካድሚየም ቀይ ነው። መለያ የሌለው ቱቦ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው ፋብሪካው ብቻ ነው። ከስሙ ቀጥሎ «ሂው» የሚል ካለበት የዋናው ዱቄት ምትክ ነው፤ ለልምምድ ይሆናል፣ በዋናው ዋጋ ግን አይገዛም። ፒአር 83 የሚል አሊዛሪን ቀይ ብርሃን ላይ ሲቆይ ይደበዝዛል። ፒደብሊው 4 የሚለው ዚንክ ነጭ ሲደርቅ ስለሚሰባበር ከሥር ለመሠረት አይደረግም፤ በላዩ የተቀባው ይሰነጠቃል።

አንድ ቱቦ ደግሞ ለእኛ አገር ሰው የተለየ ቀልድ ነው፦ «የሥጋ ቀለም»። ከፍታችሁ ብታዩት የገረጣ ሮዝ ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ላይ ነጭ ቀላቅላችሁ ለማብራት ስትሞክሩ አመድ የነካው የሚመስለውም ከዚሁ ልማድ ነው። የጠይም ፊት መሠረት ከበርንት ሲየናና ከኦከር ይነሳል፣ ጥላው በአልትራማሪን ይጠልቃል፤ ግንባርና ጉንጭ ላይ የሚያብረቀርቀው ደግሞ ከመስኮት ብርሃን የሚመጣ ስለሆነ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፣ በትንሹ ነው የሚነካው። ይህን የማያስተምር «ፖርትሬት» ኮርስ እዚህ ላለ ተማሪ ግማሽ ኮርስ ነው።

ሸራውን ወደ መብራት አንሱት። ነጥብ ነጥብ ብርሃን ካሳለፈ መሠረቱ ሳስቷል፤ ዘይቱ ወደ ጀርባ ዘልቆ ጨርቁን በጊዜ ብዛት ያበሰብሰዋል። ሁለት እጅ የሰዓሊ ጄሶ (የሸራ መሠረት የሚሆን ነጭ ቅብ እንጂ የግንብ ጄሶ አይደለም) ጨምሩበት። በጠርሙስ የሚመጣው ማቅጠኛ የመኪና ቀለም ቲነር ከሆነ አትንኩት፤ ጭሱ ለሳንባ አይሆንም፣ የቀለሙንም ማጣበቂያ ያዳክማል። ለምግብ የተጨመቀ የተልባ ዘይትም ለስዕል ከተጣራው ጋር አንድ አይደለም፤ ቶሎ አይደርቅም፣ በጣም ቢጫ ይሆናል። 14 እርሳስ ከ6ኤች (ጠንካራ) እስከ 8ቢ (ለስላሳ)? ኤችቢ፣ 2ቢ እና 6ቢ ይበቃሉ። ሲቀረጽ በየሁለት ዙር የሚሰበር ከሆነ ውስጡ ቀድሞ የተሰበረ ወይም አስመስለው የሠሩት ነው።

ሰርተፊኬቱን በሁለት ቃል፦ አያስቀጥርም። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ሆነ ጋለሪ የሚያየው ሥራችሁን ነው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልብ በሉ፣ በተለይ ታዳጊ ልጆች ያላችሁ። «ለሪፈረንስ» (አይቶ ለመሳያ) በሚል ተማሪዎች የራሳቸውን ገላ ፎቶ እንዲልኩ የሚጠይቅ ኮርስ ካጋጠማችሁ ወዲያው ውጡ፣ ሪፖርትም አድርጉ። የሰው አካል ለማጥናት ይህ በፍጹም አያስፈልግም። አራት አምስት ሆኖ ልብስ እንደለበሱ ተራ በተራ መቀመጥ ይቻላል፦ 20 ደቂቃ መቀመጥ፣ 5 ደቂቃ እረፍት፣ ከእረፍት ሲመለስ ቦታው እንዳይጠፋ የእግሩን ዙሪያ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ማድረግ።

ከፍላችሁ ከሆነ፦ የቴሌብር ወይም የባንክ ግብይት ቁጥሩን አስቀምጡ። የማስታወቂያውን ስክሪንሾት ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ያዙ፤ የግሩፑን ቻት ከቴሌግራም ዴስክቶፕ ኤክስፖርት አድርጉ፣ ምክንያቱም ቅሬታ ሲበዛ ግሩፑ ተዘግቶ በሌላ ስም ይከፈታል። ብሩን ወይም ቃል የተገባውን እርማት በጽሑፍ ጠይቁ፣ በስልክ አትነጋገሩ። ሣጥኑ ደርሷችሁ ከሆነ ኦከሩን፣ ቡናማዎቹንና ነጩን ለልምምድ ተጠቀሙባቸው፤ የሚሸጥ ወይም የሚሰቀል ሥራ ላይ ግን መለያ የሌለውን ቱቦ አታስገቡ።