ዛምፕ፣ ዋምፕሰርቨር፣ ላራጎን ወይስ ዶከር? በራስ ኮምፒውተር ላይ የዌብ ሰርቨር ለማቋቋም የሚረዳ ንጽጽር

ዌብሳይት መሥራት የጀመረ ሰው ሆስቲንግ (ዌብሳይቱ በኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበትን የኪራይ ቦታ) ከመግዛቱ በፊት ሥራውን የሚሞክርበት ሰርቨር፣ ማለትም ገጾቹን ለብራውዘር የሚያቀርብ ፕሮግራም፣ በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ያስፈልገዋል። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ብቻ የሚማር ከሆነ ግን እዚህ ከሚነጻጸሩት ፕሮግራሞች አንዳቸውም አያስፈልጉትም፤ ፋይሉን በብራውዘር መክፈት ይበቃዋል። ምርጫው የሚመጣው በሰርቨር ላይ የሚሠራው የፕሮግራም ቋንቋ ፒኤችፒና መረጃ የሚከማችበት ዳታቤዝ ሲጨመሩ፣ ለምሳሌ ዎርድፕረስ ወይም ላራቬል በተባሉት የዌብሳይት መሥሪያዎች ሥራ ሲጀመር ነው። አራቱም ፕሮግራሞች ለግለሰብ ተጠቃሚ በነፃ የሚገኝ ስሪት ስላላቸው፣ ዋጋቸው የሚታወቀው በሚወስዱት ራም፣ በሚጨርሱት የኢንተርኔት ጥቅልና ሥራው ወደ ሆስቲንግ በሚጫንበት ቀን በሚያመጡት ጣጣ ነው። እኔም የመዘንኳቸው በእነዚህ ሦስት ነገሮች ነው።

ዛምፕ ከአራቱ በዕድሜም በዝናም ይቀድማል። አፓቺ ፍሬንድስ የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሲሆን፣ አፓቺ የተባለውን ዌብ ሰርቨር፣ ማሪያዲቢ የተባለውን ዳታቤዝ፣ ፒኤችፒንና ፐርል የተባለውን ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ በአንድ ጊዜ ይጭናል፤ በዊንዶውስ፣ በሊነክስና በማክ ላይም ይሠራል። የዊንዶውሱ መጫኛ ፋይል 150 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ አንድ ሰው አውርዶት ክፍሉ በሙሉ በፍላሽ ሊቀባበለው ይችላል። ለጀማሪዎች የሚዘጋጁ የፒኤችፒ ትምህርቶች ብዙዎቹ «ፋይሉን ኤችቲዶክስ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ» ብለው የሚጀምሩት ተማሪው ዛምፕ እንዳለው ቆጥረው ነው፤ ይህም ብቻውን ትልቅ ጥቅም ነው። ድካሙ ያለው በስሪት ላይ ነው። አንድ የዛምፕ ጭነት የሚይዘው አንድ የፒኤችፒ ስሪት ብቻ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የወጣው 8.2.12 የያዘው ፒኤችፒ 8.2ን ነው፤ ፒኤችፒ 8.3 እና 8.4 ደግሞ በዚያው ዓመት ኅዳርና በተከታዩ ዓመት ኅዳር ወጥተዋል። አዲስ ስሪት የሚጠይቅ ፕሮጀክት ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ማየት አለበት።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ፣ ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ለሚሠራ ሰው ግን ከስሪቱ ይልቅ የሚያሳስበው ዳታቤዙ ነው። ማሪያዲቢ እየሠራ ሳለ መብራት ድንገት ከጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ተመልሶ ሲከፈት በዛምፕ መቆጣጠሪያ መስኮት ላይ «ማይኤስኪውኤል ሳይጠበቅ ቆሟል» የሚል ቀይ ጽሑፍ (ማይኤስኪውኤል የማሪያዲቢ ዘመድ የሆነ ዳታቤዝ ነው፤ ዛምፕ ማሪያዲቢንም በዚህ ስም ይጠራዋል) ሊመጣና የማስጀመሪያው ቁልፍ ቢጫኑት ቢጫኑት እንቢ ሊል ይችላል። ብዙ ጀማሪ በዚህ ጊዜ ዛምፕን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፤ ከዛምፑ ጋር የሦስት ሳምንት ሥራው አብሮ ይጠፋል። ማድረግ የሚገባው ሌላ ነው፦ በማይኤስኪውኤል ፎልደር ውስጥ ያለውን «ዳታ» የተባለ ፎልደር ሳይሰርዙ ስሙን ብቻ መቀየር፣ አጠገቡ ያለውን «ባክአፕ» ኮፒ አድርጎ «ዳታ» ብሎ መሰየም፣ ከዚያም ከአሮጌው ውስጥ የራስን ዳታቤዞች ፎልደሮችና «አይቢዳታ1» የተባለውን ፋይል ወደ አዲሱ መገልበጥ። ብዙውን ጊዜ ዳታቤዙ በዚህ ይነሣል። ሌሎቹ ፕሮግራሞችም ከድንገተኛ መብራት መጥፋት የተጠበቁ አይደሉም፤ ነገር ግን ዛምፕ ይህን የመጠባበቂያ ፎልደር አብሮ ይዞ መምጣቱ ሊነገርለት ይገባል።

ዋምፕሰርቨር የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነው። ዛምፕን የሚበልጥበት ነገር አንድ ሆኖ ሳለ ትልቅ ነው፦ ብዙ የፒኤችፒ ስሪቶችን ጎን ለጎን ይይዛል፣ ከሰዓቱ አጠገብ ባለችው ትንሽ ምልክት በኩልም ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል። አንድ ደንበኛው በፒኤችፒ 7.4 የተሠራ አሮጌ ዌብሳይት፣ ሌላው ደንበኛ ደግሞ በ8.2 የተሠራ አዲስ ሥራ ያለው ባለሙያ ከዚህ የተሻለ አያገኝም። ምልክቷ ራሷ ትናገራለች፤ አረንጓዴ ከሆነች ሁሉም ይሠራል፣ ብርቱካንማ ከሆነች ከአገልግሎቶቹ የቆመ አለ፣ ቀይ ከሆነች ደግሞ ምንም አልተነሣም ማለት ነው። ማይኤስኪውኤልንና ማሪያዲቢን ሁለቱንም ይዞ መምጣቱ ከዚህ በታች በምገልጸው ምክንያት ይጠቅማል። የሚያስቸግረው ከመጫኑ በፊት የማይክሮሶፍትን የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ጥቅሎች በየዓመተ ምሕረታቸው እንዲጫኑ መፈለጉ ነው፤ እነርሱ ሳይሟሉ የጫነው ሰው «ይህ ዲኤልኤል ፋይል የለም» በሚል መልእክት አንድ ከሰዓት ሙሉ ሊታገል ይችላል።

ላራጎንም ለዊንዶውስ የተሠራ ነው፤ ለአጠቃቀም ከሦስቱ የሚቀለኝም እርሱ ነው። በ«ደብልዩ ደብልዩ ደብልዩ» ፎልደሩ ውስጥ «ሱቅ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጥተው አንድ ፎልደር ቢፈጥሩ፣ በዚያው ስም መጨረሻው «ነጥብ ቴስት» የሆነ አድራሻ ራሱ ያዘጋጃል፤ በዛምፕ ይህንኑ ለማግኘት የአፓቺን ፋይልና የዊንዶውስን «ሆስትስ» ፋይል በእጅ ማረም ያስፈልጋል። ፎልደሩ እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ሲዛወርም ይሠራል። ገዥ ማወቅ ያለበት ስሪት 6 በነፃ የሚሠራ ሲሆን ከ7 ጀምሮ ያለው ግን የሚከፈልበት ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑን ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ፣ ዶላር የሚከፍልበት ካርድ የሌለው ሰው ስሪት 6ን ይዞ በውስጡ አዲስ ፒኤችፒ መጨመር ይችላል፤ የፒኤችፒውን ዚፕ ፋይል አውርዶ በተገቢው ፎልደር ውስጥ መፍታት ነው።

ሦስቱም የሚጋሩት ችግር ፖርት 80፣ ማለትም ዌብ ሰርቨር በተለምዶ ጥያቄ የሚቀበልበት ባለቁጥር በር ነው። አፓቺ አልነሣ ካለ በአብዛኛው ሌላ ፕሮግራም፣ ብዙ ጊዜም የዊንዶውስ የራሱ የዌብ አገልግሎት፣ ፖርቱን ይዞታል፤ አገልግሎቱን ማቆም ወይም አፓቺን ወደ 8080 ማዛወር ይበቃል።

ሥራው ወደ ሆስቲንግ ሲሄድ ወይም ከዚያ ሲመለስ የሚታየው ልዩነት ግን በጫኑበት ቀን አይታወቅም። በማይኤስኪውኤል 8 የተሠራ ዳታቤዝ ኤክስፖርት ተደርጎ ዛምፕ ወደያዘው ማሪያዲቢ 10.4 ሲገባ፣ ዳታቤዙ በብራውዘር የሚስተካከልበት ፒኤችፒማይአድሚን በስህተት ቁጥር 1273 ይቆማል፤ ማይኤስኪውኤል 8 በነባሪነት የሚጠቀመውን የፊደል አደራደር (ቃላትን የማነጻጸርና የመደርደር ደንብ) ያ ማሪያዲቢ አያውቀውምና። ፋይሉን በጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ የአደራደሩን ስም መለወጥ ያስፈልጋል። ሆስቲንጉ ማይኤስኪውኤል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ዋምፕሰርቨርን ወይም ላራጎንን ቢመርጥ ይህ አይገጥመውም። ለአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ዳታቤዙ ሲፈጠር «ዩቲኤፍ8 ኤምቢ4» የተባለው የፊደል አመዘጋገብ መመረጡን ማረጋገጥ ግድ ነው፤ «ላቲን1» ከሆነ «ሰላም» ብለው ያስገቡት ቃል ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊመለስ ይችላል፣ የጠፋው ፊደልም በኋላ አይገኝም።

ሁለተኛው ወጥመድ የፋይል ስም ነው። ዊንዶውስ በትልቁና በትንሹ የላቲን ፊደል መካከል ልዩነት አያደርግም፣ የሆስቲንጉ ሊነክስ ግን ያደርጋል። የአርማው ፎቶ ስም በትልቅ ፊደል ጀምሮ በኮዱ ውስጥ በትንሽ ከተጻፈ፣ ላፕቶፑ ላይ ያለ እንከን የታየው ዌብሳይት ደንበኛው ፊት ሲከፈት በአርማው ቦታ የተሰበረ ፎቶ ምልክት ያሳያል።

ዶከር ይህን ሁሉ ከሥሩ ይፈታል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ይህ ፕሮግራም አገልግሎቶቹን በሊነክስ ውስጥ ስለሚያስኬዳቸው፣ በሆስቲንጉ ላይ ያለውን የፒኤችፒና የዳታቤዝ ስሪት በትክክል መምረጥ ይቻላል፣ አንዱ የቡድን አባል የጻፈውን ማዋቀሪያ ፋይል ሌላው ወስዶ ያንኑ ሰርቨር ያስነሣል። ፕሮጀክቱ በዊንዶውሱ ዲስክ ላይ ሳይሆን በሊነክሱ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ አለበለዚያ በጣም ይንቀራፈፋል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። በዊንዶውስ ላይ ሊነክስን በዊንዶውስ ውስጥ በሚያስኬደው ደብሊውኤስኤል 2 በኩል ስለሚሠራ ከኮምፒውተሩ ራም እስከ ግማሽ ድረስ ሊወስድ ይችላል፤ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ብራውዘር ከፍቶ ዶከርን ማስነሣት ማሽኑን ማሠቃየት ነው። 8 ያንገዳግዳል፣ 16 ያዝናናል። የዳታቤዝ ኢሜጅ (ዶከር አውርዶ የሚያስነሣው የተዘጋጀ ጥቅል) ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ስለሆነ በሞባይል ዳታ ማውረድ ጥቅሉን ይጨርሳል፤ ይሁንና አንድ ጊዜ የወረደውን ኢሜጅ ወደ ፋይል ቀይሮ በፍላሽ ለባልደረባ መስጠት እንደሚቻል ብዙዎች አያውቁም። ዶከር ዴስክቶፕ ለግለሰብ፣ ለትምህርት፣ እንዲሁም ከ250 በታች ሠራተኛና ከ10 ሚሊዮን ዶላር በታች ዓመታዊ ገቢ ላላቸው ድርጅቶች ነፃ ነው።

የማክ ተጠቃሚ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ሞንተሬ ጀምሮ ፒኤችፒ ከሲስተሙ ስለተወገደ፣ በአብዛኛው ከዛምፕ ጋር የሚመሳሰለውን ማምፕን ይጭናል፤ ነፃው ይበቃዋል፣ አድራሻው በፖርት 8888 እንደሚከፈት ብቻ ይወቅ። የሊነክስ ተጠቃሚ ደግሞ አፓቺን፣ ፒኤችፒንና ማሪያዲቢን በቀጥታ ከሲስተሙ ማከማቻ ቢጭን ከዛምፕ ይሻለዋል።

በኔ ግምት፣ 4 ጊጋባይት ራም ያለውና ትምህርት ላይ ያለ ሰው ከመምህሩ ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን ዛምፕን፣ ትምህርቱን ጨርሶ ብቻውን የሚሠራ ላራጎን 6ን፣ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን የደንበኛ ሥራዎች የሚጠግን ዋምፕሰርቨርን፣ ከሁለት በላይ ሆነው አንድ ሥራ የሚሠሩ ደግሞ ማሽናቸው ከፈቀደ ዶከርን ቢይዙ ይበጃቸዋል። ሦስቱን ቀላል ፕሮግራሞች በአንድ ማሽን ላይ ደራርቦ መጫን ግን ፖርት ከማጣላት በቀር ፋይዳ የለውም። ገንዘብ ማውጣት የሚችል ሰው ከፈቃድ ክፍያ በፊት አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ይቀይር፣ ቀጥሎም ራሙን ወደ 8 ያሳድግ፤ ነገር ግን በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ተጨማሪ ራም የሚገባበት ቦታ መኖሩን ሻጩ ፊት አስከፍቶ ቢያይ ይሻለዋል።